ልጁ ከሮጠ እናቱ ናት

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003
የሰሚት መንገድ እንደገና ተቆፍሮ ታክሲ ጠፋ። ሲኤምሲ ስደርስ የባንዲራ ሰልፉ አልቋል። የኬጂ ልጆቼን እንደ ሰሞኑ በቦርሳና በድምፅ ለየኋቸው። ቶሌራ ግን ቦርሳ ቀይሮ መጣ... እስኪያወራ ድረስ ማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ክረምት ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ወዲህ እንዲህ ነኝ። "ዓይንሽ ጤነኛ ነው፤ ፊት የሚለየው የአንጎልሽ ክፍል ነው የተጎዳው" አለኝ ሐኪሙ። አፍንጫ አያለሁ፣ ዓይን አያለሁ... የማን እንደሆነ አላውቅም። ትምህርት ቤት ማንም አልሰማም። ቢሰሙ ያቆዩኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16
ለሮዳስ ነገርኳት። የጎን ክፍል አስተማሪ ናት፤ ስድስት ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል። አለቀሰችልኝ።

"መውጫ ላይ ወላጆቹን በምን ታውቂያለሽ ታዲያ?"

"ልጁን ነው የማየው። ከሮጠ እናቱ ናት።"

ምሳ ዕቃውን ከደነችው። ከዚያ "እናቴ ትሙት፣ ትንፍሽ አልልም።" ቀለለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17
ሮዳስ ምሳ ላይ አላወራችም። አሟት ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 26


ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀይ ጃኬት የለበሰች፣ ፀጉሯን የለቀቀች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ሳትናገር እጇን ዘረጋች። ቶሌራ እየሳቀ ሮጠላት። ቻው አልኩት።

ወዲያው ዳይሬክተሩ አቶ ገብረወልድ አስጠሩኝ።

"ቶሌራን ለማን ሰጠሽው?"

"ለእናቱ።"

ባለ ቀይ ጃኬቷ ልጁን ይዛ ገባች። "ሄሊና፣ እኔ ነኝ" አለችኝ። የሮዳስ ድምፅ።

ለካ የአስተማሪ ጋውኗን አውልቃ ነው። ልጁማ ለምን አይሮጥ፣ ሚስ ሮዳስን ያውቃታል። ለዳይሬክተሩ ነግራ፣ የነገርኳትን ዘዴ ይዛ መጣችብኝ። ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ ተባልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27
ልጁን እውነት ለባዳ ሰጥቼው ቢሆንስ? ሮዳስ ልክ ናት... ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ግን "መውጫ ላይ አትቁሚ፣ እኔ እቆምልሻለሁ" ብትለኝ ምን ነበረበት? እሺ እላት ነበር። እላት ነበር? እንጃ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

እሑድ፣ ኅዳር 12
ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ። "ሄሊዬ... ደህና ነሽ?" አለች። ይኼን ድምፅ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ግቢ እስክላት ትጠብቃለች።

ከአደጋው ወዲህ የማላውቀውን ሁሉ እንዳወቅሁ ሳስመስል ነው የኖርኩት። ፊቷን ትክ ብዬ አየሁት።

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አልኳት።