የተኮስኩት መጽሐፍ

እታለሜ፣ ከእናት በኋላ እናት የሆንሽልኝ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ቀስፎ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? መድኃኒቱንስ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ትራስ ሥር ትደብቂዋለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኛ እግዜር ይመስገን አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን አንቺን ዋሽቼ ስለማላውቅ እጄ እምቢ አለኝ።

ልጄ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የገባችበትን ትምህርት ቤት ነግሬሽ ነበር። ክፍሏ ውስጥ እሷን ጨምሮ የማያዩ አራት ልጆች አሉ። በጣት የሚነበብ፣ ብሬል የሚሉት የተረት መጽሐፍ ግን ያላቸው አንድ ብቻ ነው። የሚያዩት ልጆች ኪሳቸው የሚከቱት መጽሐፍ በነጥብ ሲጻፍ ትራስ ያክላል። መምህሩ ተጨማሪ እንዲላክላቸው ከጠየቁ ዓመት አልፏል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ተራ ጠብቁ» ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሦስት ሦስት ቀን እየተቀባበሉ ቤታቸው ይወስዱታል።

ልጄ ነጥቡን ማንበብ የለመደችው በቅርቡ ስለሆነ የመጀመሪያው ተራችን የደረሰው ባለፈው ወር ነው። እራት ስትበላ እንኳ አንድ እጇ ከመጽሐፉ አይነሳም ነበር። በሦስተኛው ቀን እሷ ትምህርት ቤት እያለች ዝናብ ጣለና ጣሪያው አፈሰሰ። ለምሳ ብቅ ስል መጽሐፉ ረጥቦ፣ ገጹ ተጨማዶ አገኘሁት። መቼም ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ሴት የተጨማደደ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ካውያውን አሞቅሁ፤ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተኮስኩት። እንደ ሙሽራ ሸሚዝ ለጥ ብሎ ሳየው፣ እታለሜ፣ ኮራሁ።

ልጄ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ መጽሐፉን ገለጠች። ጣቷን አስኬደች፤ መለሰች፤ ደግሞ በመዳፏ ዳበሰች። «እማዬ፣ ፊደሎቹ የት ሄዱ?» አለችኝ። ፊደሉ ያ ከወረቀቱ ጉብ ጉብ ያለው መሆኑን እኮ አውቀው ነበር። ያን ሰዓት ግን ዓይኔ ያየው መጨማደዱን ብቻ ነው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ገጹን ሁሉ ዳስሳ ስትጨርስ «ነገ እኮ የጓደኛዬ ተራ ነው፤ ምን እላታለሁ?» አለችኝ። አፈር ልብላ!

በማግስቱ መጽሐፉን ታቅፌ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። ጥፋቴን ስነግራቸው ገጾቹን ብዙ ዳበሱና ሥራዬን ጠየቁኝ። «ልብስ ተኳሽ ነኝ» አልኳቸው። «እውነትም ተኳሽ! አንዲት ፊደል እንኳ በሕይወት አላስቀረሽም» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ዕንባዬ ቀደመኝ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ማንበብ ትችያለሽ አይደል? እንግዲያው መልሰሽ ትጽፊዋለሽ» አሉኝ።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ማስመሪያና ወስፌ የመሰለ መውጊያ ሰጡኝ፤ የየፊደሉንም ነጥብ አስጠኑኝ። የሚያዩት ልጆች የሚያነቡትን ያንኑ መጽሐፍ እያየሁ ነጥብ በነጥብ እወጋለሁ። ወረቀቱ ተገልብጦ ስለሚነበብ የሚወጋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነቡ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ፊደሉን አገላብጬ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ፈጥሬ ነበር። አሁን ከስልሳ ሁለቱ ገጽ አሥራ አንዱን ጨርሻለሁ። የአንዷ ልጅ እናት መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፤ አልፈርድባትም። ልጄም ደብተሯን ከእኔ አርቃ ታስቀምጣለች። «እንዳትነኪ» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ጥንቃቄ ነው ያለው። አንጀቴን የሚበላው እሱ ነው።

አሁን የቸገረኝ ወረቀት ነው፤ ስሱ ይቀደዳል። ከባለቤትሽ ቢሮ ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰብስቢልኝ። ቢታተምበትም ግድ የለም፤ ጣት ቀለም አያነብም። አደራ፣ ስትልኪው እንዳታጥፊው።

ልጆቹ አሥራ አንዱን ገጽ በቃላቸው ይዘውታል። ታሪኩ የቆመው ጎርፍ የወሰዳት ልጅ ቅርንጫፍ ይዛ እንደተንጠለጠለች ነው። እሑድ ዕለት ስወጋ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለች። መጨረሻውን አውቀዋለሁና ላጽናናት ብዬ «ልንገርሽ?» አልኳት። «እንዳትነግሪኝ! የማነበው ራሴ ነኝ። አንቺ ብቻ ፍጠኚ» አለችኝ።

ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ። የአማትሽን ጉልበት፣ የመንታዎቹን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ትልቋን በትምህርቷ በርቺ በያት። ገጽ አሥራ ሁለት እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

ታናሽ እህትሽ
ከልብስ መተኮሻ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ሚያዝያ ፲፬ ቀን