ለሚስተር ሬይ የጣልኳቸው አምስቶች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጎረቤቴ ሚስተር ሬይ ዛሬ ያለ ከዘራ በር ከፈቱልኝ፣ ተመስገን ነው። ልጃቸው ሊንዳ ግን በቅርቡ ካደረጉት ቀዶ ጥገና ወዲህ ነገር ይምታታባቸዋል ብላ አረጋውያን ቤት ልታስገባቸው መጥታለች። ሰፈራችንን ግሪን ቫሊ ራንችን ለቀው ከሄዱ እኔ ከማን ጋር እጫወታለሁ?

እንደ ልማዳችን ክሪቤጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ያዝን። ሁለታችንም ሁለት ሁለት ካርታ እንጥላለን፤ የተጣለው ላደለው ሰው ይቆጠርለታል፣ አስራ አምስት ከሞላ ነጥብ ነው። እሳቸው ሲያድሉ እኔ አምስት እጥልላቸዋለሁ፣ ከአስርም ከጃክም ጋር አስራ አምስት የሚሞላውን ምርጡን ካርታ። ታመው የተነሱ ሽማግሌ ማሸነፍ ነውር ነዋ!

ዛሬ ጠረጴዛውን መቱት። «ዘነቡ! ሐሙስ አምስትና ጃክ፣ ትናንት ሁለት አምስት ጣልሽልኝ። እንዲህ ያለ ዕድል የለም። በይ የምርሽን ተጫወቺ!»

ሊንዳ ስልኳን አስቀመጠች። «ዳድ፣ ይሄን ሁሉ ታስታውሳለህ?»

«እንዴት አላስታውስ፣ እየሰደበችኝ!»

አፍሬም ስቄም የምሬን ተጫወትኩ። እየመራሁ ሳለ መጨረሻ ላይ እሳቸው ሲያድሉ ሰባት ጣልኩ። ከተጣለው ጋር የምትቆጠረዋ ካርታ ስትቆረጥ ስምንት ወጣች፣ አስራ አምስት ሞላላቸው፣ አሸነፉኝ!

«ይሄኛው እንኳ ዕድል ነው» አልኳቸው።

«ስምንቷ ዕድል ናት፣ ሰባቷን የጣልሽው ግን አንቺ ነሽ!» ብለው አጨበጨቡ።

ሊንዳ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «የአረጋውያን ቤቱን የሰኞ ቀጠሮ ካንስል አደርገዋለሁ» አለችኝ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ያቺን ሰባት ምን ብዬ ጣልኳት...