በኒው ዮርክ ዝሙት፣ በኔቫዳ ጭካኔ

ሬኖ፣ ኔቫዳ
ኦክቶበር 9, 1951

ለማትናፈቀው ሌስተር፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሚስትህ አይደለሁም።

በኒው ዮርክ ሕግ ያለ ዝሙት ፍቺ የለም ሲሉህ ያደረግከው ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ሆቴል ተከራይተህ፣ አብራህ ፎቶ የምትነሳ ሴት ቀጥረህ፣ ፒጃማህን እስከ አንገትህ ቆልፈህ! ዳኛው ፎቶውን አይቶ፣ «ይቺ ሴትዮ ባለፈው ሳምንት የሌላ ሰው ውሽማ ነበረች እኮ» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ዝሙት እንኳ በወጉ አልሆነልህም።

እዚህ ግን ስድስት ሳምንት የኖረ ሰው «የትዳር ጓደኛዬ ጨካኝ ነው» ካለ ለፍቺ ይበቃዋል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሚስስ ኦግደን ስድስቱን ሳምንት በየቀኑ እዚህ እንዳየችኝ ፍርድ ቤት ቀርባ መማል አለባት። ቁርስ ላይ ካጣችኝ በሬን ትደበድባለች። «ቨርና! ብቅ በይ እንጂ እናቴ፣ በውሸት ልታስምዪኝ ነው?»

አንተ ደግሞ የምትሠራበት ባንክ እንዳይሰማብህ፣ «ስሜን የሚያጎድፍ እንዳትናገሪ፤ እራት ላይ ጋዜጣ እያነበበ አያናግረኝም በያቸው» ብለህ ጻፍክልኝ። ጭካኔህን ራስህ በልክህ ሰፍተህ ላክህልኝ!

ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቤ እንዳልከኝ አልኩ። ሽማግሌው ዳኛ ሲያዛጋ ቆይቶ ቀና አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማያናግርሽ፣ ልጄ?»

ጠበቃዬ ይህን አላስጠናኝም።

«ልጃችንን ኦሪንን ከቀበርን ጀምሮ» አልኩት።

እኔም የሰማሁት ከአፌ ሲወጣ ነው። ለመዋሸት ተዘጋጅቼ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ሚስስ ኦግደን እዚያው ማልቀስ ጀመረች። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ምንም ሳይጠይቀኝ ፈረመ።

አንተ ፈሪ! የልጅህን ስም እንዳልጠራብህ ስንት ዓመት ሙሉ ከጋዜጣ ጀርባ ተደበቅክ። እኔ ሞኟ ደግሞ አንድ ቀን ዝቅ ያደርገዋል ብዬ እራትህን ሳሞቅ ኖርኩ። አብረን ብናለቅስ ኖሮ እኮ ሬኖ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፣ እንቅልፍም ይስጥህ። መቃብሩን ሣር እየዋጠው ነው፤ አንድ እሑድ ሄደህ አጽዳለት። ማንም አያይህም።

የኦሪን እናት፣
ቨርና