አንድ ዓመት ወይስ ሦስት

ሐምሌ 4

ስለ እኔ የሚወራው ስህተት ነው። ልጄን ከቤት አላባረርኩም።

ወሬውን የነገረችኝ ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "እትዬ፣ ምነው በዚህ ዕድሜዎ? ልጅዎን ሂጂልኝ አሏት አሉ።" አሉ! አሉ የሚባል ሰው አላውቅም። እሷ ግን ታውቀው ይሆናል፤ ፀጉሩንም ሳትሠራው አትቀርም።

እውነቱ ይሄ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ "ሂጂ" ብያታለሁ። ድምፄንም ከፍ አድርጌያለሁ። ግን ያልኩት "ሂጂና ተማሪ" ነው። ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን ማውራት... ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስኖር እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ገጹን ሳይጨርስ "አንብቤዋለሁ" የሚል።

ይህን ሁሉ አላስረዳኋትም። "ዳቦው ይቀዘቅዝብኛል" ብዬ አለፍኩ። የትናንት ዳቦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ሸሚዞች ተኮስኩ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ካልሲ ስታጣምድ ዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሁሉ ነገር ላይ ፍርድ ስለምትሰጥ ዳኛዬ እላታለሁ። ጥቁሩን ከሰማያዊው ጋር አጣመደችው። ፈታሁባት።

"እማማ፣ ጫማ ውስጥ ነው እኮ። ማን ያየዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ እንደገና ጀመረች።

ሐምሌ 6

ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው። ጭንቅላቴ ውስጥ ተደበላልቋል።

ልጄ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ለቢዝነስ ትምህርት አመልክታ ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንደኛው የቀን ነው። ሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ። ሥራዋን ትለቃለች፣ እዚያው ታድራለች፣ በዓመቱ ጨርሳ ትመለሳለች። ሁለተኛው የማታ ነው። እዚሁ፣ ከሥራ መልስ። ሥራዋ አይነካም፤ ግን ሦስት ዓመት ይፈጃል።

በሁለቱም ልጅቷን የምይዘው እኔ ነኝ። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ከሄደ ቆየ። ስለ እሱ ቀለም አላባክንም።

ልጄ ወደ ማታው ታዘነብላለች። ሰው ሁሉ ልክ ነሽ ይላታል። የቀኑን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

"እማዬ፣ ሥራሽን እንዳትለቂ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አሁን ልቀቂ እያልኩሽ ነው።"

ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ለራሴስ መቼ ጻፍኩት?

ሐምሌ 7

ልጻፈው።

ሰኔ ውስጥ ብቻዬን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጎኔን ካመመኝ ሰንብቷል። ወጣት ነው ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሣም። "እናቴ፣ ጉበትዎ ላይ ነው" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ቤተሰብ ይዘው ቢመጡ..."

"የቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ። ለእኔ ይንገሩኝ።"

ምን ያህል ጊዜ እንዳለኝ ጠየቅኩት። ዞሮ ዞሮ መለሰልኝ። አንድ ዓመት። መድኃኒቱ ከተስማማኝ ትንሽ አለፍ ይል ይሆናል። ለቀዶ ሕክምና ዕድሜዬ አይፈቅድም። አመስግኜው ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ፤ ያን ጊዜ ነው ዓይኑን ቀና አድርጎ ያየኝ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ዓመት ልጅቷን ላበላ፣ ትምህርት ቤት ላደርስ፣ ማታ ላስተኛ እችላለሁ። ሦስት ዓመት ግን የለኝም። የሌለኝን እንዴት አድርጌ ቃል እገባለሁ? የማታውን ከመረጠች ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔ... ከዚያ እናቷ ክፍል ስትገባ ልጅቷን ማን ያስተኛታል? ታቋርጣለች። ያቋረጠ ሲመለስ ደግሞ ብዙም አላየሁም። የማተሚያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ "ለጊዜው ነው" ብሎ ትምህርቱን አቋረጠ። ጡረታ ሲወጣም "ለጊዜው ነው" ይል ነበር።

ስለዚህ የቀኑ። አሁን ትሂድ፣ ትጨርስ፣ መጥታ ልጇን ትረከበኝ።

ብነግራትስ?

ብነግራት አትሄድም። አበቃ።

ሐምሌ 11

እንቅልፍ የለም። ለልጄ ፍራሹ ነው አልኳት። አዲስ ፍራሽ ልትገዛልኝ ነው።

ሐምሌ 15

ተጣላን። ከገበታ ሳንነሣ።

"ልጄን ጥዬ ዓመት ሙሉ? እርስዎ እኔን ጥለውኝ ያውቃሉ?"

"አላውቅም። ለዚህ ነው አራሚ ሆኜ የቀረሁት።"

ፊቷ ጠቆረ።

ውሸት ነው። ሥራዬን ወድጄው ነው የኖርኩት፤ ከዚያ ወንበር ላይ ቢያነሡኝ እንኳ አልነሣም ነበር። ግን ሌላ ዱላ አጣሁና ያን አነሣሁ። በማን ላይ? በገዛ ልጄ ላይ።

ዳኛዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ሁለታችሁም ጥፋተኛ ናችሁ። ይቅርታ ተባባሉ።" ፈረደች። አልተባባልንም።

ሐምሌ 16

ወተቱ ገነፈለ። ሁለታችንም ቆመን እያየነው።

ሐምሌ 22

ተሳካልኝ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ "እሺ፣ የቀኑን እቀበላለሁ። ወሩ ሳያልቅ እጽፍላቸዋለሁ" አለችኝ። "ለእርስዎ ብዬ ነው። ደስ ይበልዎት።"

ደስ ብሎኛል።

ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ዚፑ ይይዛል፣ ሳሙና ቀባሁት። ዓመት ማለት ሲመጣ ረጅም ነው፣ ሲሄድ ግን... በበዓልና በዕረፍት ትመጣለች። ስንት ጊዜ አያታለሁ ማለት ነው? አልቆጥርም። ሻንጣው ከፍተው ሲያዩት ሰፊ ነው። ምን ሊሞላው ነው?

ሐምሌ 24

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ያስነውራል። ይሁን።

ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒኖች ከካርቶናቸው አውጥቼ ባዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬያቸው ነበር። ካርቶኖቹን ሩቅ ወስጄ ጣልኩ። አሮጊት ቫይታሚን ብትውጥ ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል? ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዳኛዬ ጉንፋን ይዟት ስትስል አደረች። እናቷ ቫይታሚን ልትሰጣት ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። "አፍሽን ክፈቺ" ስትል ሰማሁ። ሮጥኩ። በዚህ እግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ክኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። የልጅቷ አፍ እንደተከፈተ ነው።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ቫይታሚን ነው።"

"እማዬ።" ድምፅዋ ወረደ። "ይሄ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ በቁልፍ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

ልጅቷን ወደ ሌላው ክፍል ሰደደቻት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ወንበር አጠገቧ እያለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰኔ።"

"ሰኔ... ስንት ጊዜ አሉ?"

ነገርኳት። ጥቂት አሰበች። አየኋት ስታስበው፤ እኔ ያሰብኩትን በዚያው መንገድ፣ አንድ በአንድ።

"ለዚህ ነው የቀኑን ያሉኝ። ዓመቱን ልጄን ሊይዙልኝ።"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ በዚያች ዓመት ሌላ ከተማ ቁጭ ብዬ ስለ ገበያ ጥናት እማራለሁ።" ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ አይጣል። "መልካም። ተመልሼ ስመጣ ዲግሪዬን ለማን ላሳይ ነበር?"

"የማታውን ብትጀምሪ ታቋርጫለሽ። ካቋረጥሽ ደግሞ አትመለሺም። ትምህርቱ ያመልጥሻል።"

"ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም። አንቺ ነሽ የምትሄጂው።"

አንቺ አለችኝ። የልጅ ልጄ አንቺ ትለኛለች፣ ለእሷ ላልቻለሁ። ልጄ ግን አፏን ከፈታች ጀምሮ እርስዎ ነው ያለችኝ፤ ያስለመድኳትም እኔው ነኝ። እርማቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ዋጥኩት። ወለሉ ላይ ከጎኗ ለመቀመጥ ሞከርኩ። ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ይዛ አስቀመጠችኝ።

ሐምሌ 25

ልጅቷ ብትውጠው ኖሮስ?

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ እኔ። ጠርሙሱን አጥቤ፣ ሰባብሬ ጣልኩት። ጠርሙስ ቢሰበር ምን ይለወጣል? ምንም። ግን ሰበርኩት።

ነሐሴ 2

የማታውን መረጠች። ለሌሎቹ አልመጣም ብላ ጻፈችላቸው። ተሸንፌያለሁ፤ አልተስማማሁም። ሁለቱ ይለያያሉ።

ሐኪሙ ዘንድ አብራኝ ሄደች። ጥያቄዋን በተራ በተራ አቀረበችለት፣ እሱም ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ። ጎሽ ልጄ። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "መሄድ አላቃተኝም" አልኳት። "እኔን ነው ያቃተኝ" አለችኝ። እንድትይዘኝ ተውኳት።

ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ነበረች። "ታረቃችሁ እንዴ?" ጆሮ ነው የሚያኖራት።

መስከረም 21

ትምህርት ከጀመረች ሰነበተች። እስክትመጣ አልተኛም። ራት አቀርብላትና እየበላች ታወራኛለች። መምህሩ ከእሷ በዕድሜ ያንሳል አሉ። አጠገቧ የሚቀመጠው የባንክ ሠራተኛ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ይመልሳል። ሳቅኩ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ። የቤት ሥራዋን አየሁት። አንዱ ዐረፍተ ነገር እስከ ገጹ መጨረሻ ይሄዳል። "ይሄን ሰው እንዴት ተንፍሶ ያነበዋል?" አልኳት። ሦስት ቦታ ከፋፈልኩት።

ከልጄ ጋር እንዲህ ተቀምጠን እናውቅ ነበር? እሷ ትጣደፍ ነበር፣ እኔም አርም ነበር። የቀኑን ብትመርጥ ይሄ ሁሉ...

ይቅር። ልክ ነበረች ብዬ አልጽፍም። ጻፍኩት ግን።

መስከረም 27

ዳኛዬ ጫማዬን እያሰረችልኝ፦

"ልትሞቺ ነው?"

"አዎ።"

"ነገ?"

"ነገ አይደለም።"

"እሺ።" ሌላኛውን ጫማ አሰረች። አሳምራ ነው የምታስረው።

ጥቅምት 8

ዛሬ ልጅቷን እያስተኛሁ እኔ ቀድሜ ተኛሁ። ስነቃ ምድጃው ላይ የጣድኩት ድስት ከስሏል፤ ቤቱ ጭስ በጭስ። እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትስላለች። "እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው" አለችኝ። የሰሞኑ ጉንፋን ላልለቀቀው ደረት ጭስ!

መስኮቶቹን ከፋፈትኩ። ከዓመቱ ብዙ ይቀረኛል ብዬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ትሆኛለሽ ያለኝ ማን ነው? ሐኪሙ አላለም። እኔ ነኝ እንዲያ ያነበብኩት።

ሦስት ዓመቱን የሚሞላ ሰው ማግኘት አለብኝ። አሁን፣ እኔ እያለሁ። ከሄድኩ በኋላ የመጣች ሴት ለልጅቷ እንግዳ ናት። አሁን ከመጣች ግን ልጅቷ ለምዳት ትቆያለች። ይህን በሐምሌ ማሰብ ነበረብኝ። ለካ ሦስቱን ዓመት ሁሉ እኔው ልሸከመው ፈልጌ ነው የተጨነቅኩት። ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት 10

ማተሚያ ቤት አብራኝ የሠራችውን ጠራዧን ደወልኩላት። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሁለት መንደር አልፎ። እጇ እርግጠኛ ነው። የጠረዘችው መጽሐፍ ፈርሶ አላየሁም።

"አንቺ! ገና ሰው እያረምሽ ነው?"

"እያረምኩ ነው። ማታ ማታ ልጅ ልትይዢልኝ ትችያለሽ?"

"ለስንት ጊዜ?"

"ሦስት ዓመት። ልጄ የማታ ትምህርት ጀምራለች።"

ሳቀች። "አንቺ የት ልትሄጂ ነው?"

ነገርኳት።

"ድሮስ" አለች፣ "አንቺ ስትጨርሺ አይደል እኔ የምጀምረው?"

ስልኩን ዘጋሁና ፎጣ ሳጣጥፍ ቆየሁ። የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና።

ጥቅምት 11

ለልጄ ነገርኳት። አልተከራከረችም። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆየች፣ ከዚያ ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች። ይሄ ትምህርት ያልቃል። አሁን አምኛለሁ። እኔ አላየውም፤ ግን ያልቃል።

ጠራዧ የምትመጣው ነገ ነው።

በሩን ራሴ እከፍትላታለሁ። ቁልፉን እሰጣትና የላይኛው ሁለት ጊዜ እንደሚዞር አሳያታለሁ። ልጅቷ ወተት ላይ ስልባቦት እንደማትወድ እነግራታለሁ። ስትተኛ በሩ ገርበብ ይላል እንጂ አይዘጋም፤ የኮሪደሩ መብራትም አይጠፋም። ካሳላት ብርድ ልብሱ እስከ አገጭ። ይህን ሁሉ አንዴ እነግራታለሁ፤ አልደግምም። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ እቀመጣለሁ።

ልጅቷ ትጠራኛለች። አልነሣም።