ለስልኩ የዋሸነው

ሰኞ፣ የደብረ ዘይት ማግስት

ሚስቴን የሺን መድኃኒቷን ያስጣልኋት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍሁት። ከሞተች ሦስት ዓመት፣ ለልጄም ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ወንዛዬ ጠበል ስንወርድ «ጠበልና መድኃኒት አንድ ላይ አይሆንም» ብዬ እሽጉን ከእጇ ተቀበልሁ። ሐኪሙ ሲጠይቅ «ትውጣለች» አልሁ። እሷ ዝም አለች፤ ባሏ ተናግሯላ። ወር ሳይሞላ ሞተች። እሽጉ ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ነው።

ይህን ያስጻፈኝ ጤና ጣቢያው ደም ግፊት ላለብን ለጥቂት ሰዎች ለሙከራ የሰጠን ስልክ ነው። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ይጮኻል። አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ስለ ጨው፣ ስለ እግር እብጠት ታስተምራለች። ከዚያ «መድኃኒትዎን ከዋጡ አንድን፣ ካልዋጡ ሁለትን ይጫኑ» ትላለች። እኔ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ከዘጠኝ በኋላም እረሳዋለሁ። አይ፣ አልረሳውም፤ እተወዋለሁ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ግን በየቀኑ አንድን እጫናለሁ።

ማክሰኞ

ከጎረቤቴ ከጥሩሰው ጋር ለምርመራ ሄድን፤ እሷም ሙከራው ውስጥ ናት። የሁለታችንም ግፊት ከፍ ብሏል። ሲስተር ሰላም የተጫንነው የሚመዘገብበትን ኮምፒውተሯን አየች። «አባቴ፣ አንድም ቀን አላቋረጡም። እንግዲህ መድኃኒቱ አልበቃዎትም ማለት ነው።» ሐኪሙ ለሁለታችንም ጠንከር ያለ አዘዘ።

ጥሩሰውም ጾሙ ከገባ አንድ ፍሬ አልዋጠችም። አንድን ተጫኝ ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጣቷን አንሥታ ስታመነታ፣ «ዕቃ ነው፣ ነፍስ የለው፤ ለዕቃ ቢዋሽ ምን አለበት?» አልኋት። ሳቀች። ጥሩሰው እኮ የስልኳ ሴት አስተምራ በጨረሰች ቁጥር «እግዜር ይስጥሽ፣ እቴ» የምትል ሴት ናት።

ስንመለስ ፈርታለች። ይችን አዲሷንስ ልዋጣት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ተመልሰን እውነቱን እንንገራቸው ማለት ነበረብኝ። «እንደ ልብሽ» አልሁ።

ረቡዕ

ጥሩሰው ወደቀች። ያለፈውን ላካክስ ብላ ጧት አዲሱን ሁለት ፍሬ በባዶ ሆዷ ውጣ ኖሯል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ስግደት ላይ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እኔ በወንዶች በኩል ነበርሁ፤ የሴቶቹን ጩኸት ሰማሁ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ የዋጠችውን መንገድ ላይ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ጉሉኮስ ተሰካላት። ሲስተር ሰላም «ሳታቋርጥ የምትውጥ ሰው ምን ነካት?» እያለች ትጠይቃለች። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ጎረቤቷ ነኛ።

«እኔ እንጃ» አልሁ።

ያው አፍ። የሺን የበላው አፍ።

ሐሙስ

ነፍሷ መለስ ብሏል፤ ግንባሯ በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ ልቧን ጠርጥሯል፤ ሌላ መድኃኒት ይጨመርላት፣ ካልተሻላት ባሕር ዳር ትላክ ይላል። በውሸታችን ላይ ሌላ መድኃኒት።

እጄን ያዘችኝ። «አያ ታደሰ፣ እንዳይናገሩብኝ። ስልኩን ይቀሙኛል። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ማን ያናግረኛል ብለው?» አለችኝ።

ስወጣ ሲስተር ሰላም ሙከራው ከተሳካ ስልኩ ለገጠሩም ሊሰጥ እንደሆነ ነገረችኝ። እኛ የምንጫነውን እያዩ ለስንቱ መድኃኒት ሊያዝዙ ነው። ዳዊቴን ገለጥሁ፤ ከአንድ መስመር አላለፍሁም።

ልናገር ያለብኝ፦ የጥሩሰውን። የኔን። የየሺን።

ዓርብ

የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ምንም አልተጫንሁም።

ያልተከፈተውን የኔን እሽግና የየሺን እሽግ በሲስተር ሰላም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ። አገላበጠችው። ይኼ ጊዜው ያለፈበት የማነው አለች። የባለቤቴ ነው አልሁና ሁሉንም ነገርኋት። ሳልጨርስ ተነሥታ ሐኪሙን ጠራችው። እሱ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፦

«ጾሙ ከገባ አንድም አልዋጠችም?»

«አንድም። ከረቡዕ ጧቱ ሁለት ፍሬ በቀር።»

ለሁለታችንም አዲስ ያዘዘውን ሰረዘ፤ የቀድሞው ይበቃል አለ። የባሕር ዳሩም ቀረ፤ እዚሁ ትታያለች ተባለ። ሲስተር ሰላም ግን ቁጭ ብላ አየችኝ። «ሁለትን ብትጫኑ ኖሮ እኮ የስልኩን ሰዓት ወደ ዘጠኝ እናዞርላችሁ ነበር» አለች። ትቆጡናላችሁ ብለን ነው አልኋት። እንደዚያ ብቻ አይደለም።

ጥሩሰው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ። ስልኳ ራስጌዋ ነው፤ አልቀሟትም።

በዘጠኝ ሰዓት ክኒኔን ዋጥሁ። በዚያው ስልክ ጎንደር ያለችው ልጄ ዘንድ ደወልሁ። «የእናትሽን መድኃኒት ያስጣልኋት እኔ ነኝ» አልኋት።

ስልኩን አልዘጋችውም፤ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።