ከሦስት የማያንስ

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው ትንሽ አውራጃ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በቃለ ጉባኤ ያዥነት ተቀጠሩ። አንዲት ምልክት ከቦታዋ ብትጎድል ምሳ አይበላላቸውም ነበርና ባልደረቦቻቸው “ነጠላ ሰረዝ” ይሏቸው ነበር። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበሩትን አባታችንን ያገቡትም በእርማት ሲጨቃጨቁ ተዋውቀው ነው።

በአርባ ዓመታቸው ሕገ መንግሥት ለሚያረቀው ጉባኤ ተመደቡ። ትልልቆቹ አውራጃዎች የምክር ቤት መቀመጫ በሕዝብ ቁጥር ይከፋፈል አሉ፤ ትንንሾቹ እኩል ይሁን አሉ። አርባ ቀን ተናንቀው በመጨረሻ ተስማሙ፦ ክፍፍሉ በሕዝብ ቁጥር ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ትንሽ አውራጃ መቀመጫ ግን ከሦስት የማያንስ ይሆናል። እናታችን ጽፈው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሁሉም እጁን አወጣ።

በሳምንቱ አባታችን ከማተሚያ ቤት ይዘውት የመጡት የሕገ መንግሥቱ ገጽ “ከሦስት የማይበልጥ” ይላል።

የፊደል ግድፈት አልነበረም። ቢሆን ኖሮ የጉባኤው ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤውን ከኅትመቱ ጋር “አስተካክለው” እንዲፈርሙ ባልጠሯቸው ነበር።

“ለአንድ ቃል ብለሽ አገር ልታምሺ ነው?” አሏቸው።

“አገር ያመሰውስ ቃሉን የቀየረው ነው” ብለው፣ ዋናውን ቅጂ በቦርሳቸው ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ምድር ቤት፣ የተሰበረ ወንበር ወደሚጣልበት እርጥብ ክፍል ተዛወሩ። ጡረታ እስኪወጡ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ሲቀመጡ፣ እጃቸውን ካወጡት መካከል አንድ ሰው እንኳ ደረጃውን ወርዶ ደኅና ነሽ ወይ አላላቸውም። አውራጃቸው በአንድ ተወካይ ቀረች። ሐኪም ቤቷ ሲዘጋም የሚጮኽላት አልነበረም። ተናደናል። ለቅሶ ላይ ይህ አይባልም የምትሉ፣ በሕይወት ሳሉ መቼ ተናገራችሁላቸው?

ሁለት ዓመት በሳምባ ሕመም ማቀው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ምክር ቤቱ የላከው የአበባ ጉንጉን “ለታማኟ ሠራተኛችን” ይላል። እሳቸው ግን ከአበባ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁን፦ “የቀብሬ ወረቀት ጀርባው ባዶ እንዳይሆን።” የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ከነፊርማቸው እነሆ እዚያ ታትሟል፤ ፊደሉን የለቀሙት አባታችን ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቃል በማይለወጥበት ቤት ያኑርልን። አሁን በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ገልብጡት።