ሕመም፣ ሐዘን ወይም መንገድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአብዱልሃፊዝ፣ ካለህበት ጆሃንስበርግ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካርቶን ስታነሳ ይይዝሃል? ሀሊሜስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ገጠር ቤቷ ናት፤ ጉልበቷ ቢደክምም አፏ አልደከመም፤ ሰውን ሁሉ እንደ ወትሮዋ እየተቆጣች ነው። ባለቤቴ ሸረፋም በርበሬ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለሳል። አለመኖርህን ለምደነዋል ብልህ ውሸት ነው፤ ሌላው ግን ሁሉም በደህና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ሳነሳ ልጄ ዑመይር አጠገቤ ነው፤ ይህን ነገር ደግሞ እንደገና እንዲሰማው አልፈልግም። ወዳንተ አገር የሚመለስ የሸረፋ ወዳጅ ስላገኘሁ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

የዑመይርን ትምህርት ቤት ታውቀዋለህ፤ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተከፈተው ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ዛፍ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ግቢ። የሚያስተዳድረው ቦርድ ነው፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂ፣ ጥቂት ነጋዴዎችና እኛ የወላጅ ተወካዮች አለንበት። ሰብሳቢው ቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ዱባለ ናቸው። ሰውየው ዕድሜያቸውን የእድር ዳኛ ሆነው ስለኖሩ፣ ቦርድ ምሩ ሲባሉ የሚያውቁትን የእድሩን ደንብ ቀድተው አመጡ። ስብሰባውም በእድሩ ዕቃ ቤት ነው። በድንኳኑና በትልልቁ ድስት መሀል፣ ለቅሶ ቤት በሚሄዱት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረን ስለ ልጆች ትምህርት እንመክራለን። ሰውየውን ለማማት አይደለም፤ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ቃላቸው አይታጠፍም። በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ይሰረዛል። ከመሰረዝ የሚያድኑት ምክንያቶች ሕመም፣ ሐዘን ወይም መንገድ ብቻ ናቸው።

የወላጅ ተወካዮቹ እኔና ወለተ ሐና ነን። እሷ ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጠው ናት፤ ልጇ ከዑመይር ጋር ትማራለች። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። ሸረፋ መንገድ ላይ ነው። ለሰው ልተወው ብል ዑመይር ከማንም ጋር አይቀመጥም፤ አንድ ቀን ልሞክር ያለች ጎረቤት እጇን ተነክሳ ሄዳለች። ስለዚህ እኔም ቀረሁ፣ ወለተ ሐናም ቀረች፣ ሦስቱ ጊዜ ሞላና ተሰረዝን። ለእነዚህ ልጆች ተብሎ የተቋቋመ ቦርድ እናቶቻቸውን አስወጥቶ ቁጭ አለ። ማንም ክፉ አላሰበም። ደንቡ ነው የሠራው።

እኛ በሌለንበት የአዳራሽ ነገር መጣ። አንድ ነጋዴ መናኸሪያው ጥግ ያለውን ባዶ አዳራሹን ያለ ኪራይ ልስጣችሁ ብሎ ቦርዱ ደስ ብሎት ተቀበለ። ርዕሰ መምህሩ ቅር ቢላቸውም የሚቀጥራቸው ቦርዱ ነውና አቀርቅረው ቃለ ጉባኤውን ጻፉ። ዑመይር የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ይወድቃል። የዚያን ግቢ በር በገዛ እግሩ እስኪገባ ድረስ ምን እንዳየሁ አንተ ታውቃለህ፤ በስልክ ያለቀስኩት ላንተ ነው። ትምህርት ቤቱ መናኸሪያ ከገባ ለእሱ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ሌላ ልፈልግ ብል አዲስ አበባ ነው፣ እዚያ ደግሞ ማን አለኝ? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ የእኔም ነገር እንደዚያው ሆነ።

አቶ ዱባለ ሱቅ ሄድኩ። የወንበሩን አቧራ አራግፈው አስቀመጡኝ። በእድራችሁ አንዲት አባል ቤቷ ሰው ታሞባት ብትቀር ትሰርዟታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። በፍጹም፣ እኛው ሄደን እንጠይቃታለን እንጂ አሉኝ። እንግዲያው እኔም ጥዬው የማልወጣው ልጅ አለኝ አልኳቸው። ባሂራ፣ ልጅሽ ታሟል እንዴ? አሉኝ። አዎ ማለት አቃተኝ።

ለምን እንዳቃተኝ ላንተ አይነገርም። በዚህ ከተማ ልጄ በሽተኛ አይደለም እያለች የዞረችው ማን ሆነችና! ለቅሶ ቤት ብዬዋለሁ፣ ሰርግ ቤት ብዬዋለሁ፣ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር ብዬዋለሁ። አንተንም ተሻለው ወይ ብትለኝ ጮኼብህ ስልኩን ዘግቼብሃለሁ። አቶ ዱባለም ሰምተውኝ ከሱቃቸው አንድ ቆርቆሮ አውጥተው፣ ኦቲዝም በሽታ አይደለም ብለው በትልቁ አስጽፈው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰቅለዋል። አሁን እኚህን ሰው ምን ልበላቸው? ታሟል ካልሽ ዛሬውኑ ስምሽ ይመለሳል፣ ካላልሽ ግን እኔ በአንቺ ፈንታ ልልልሽ አልችልም አሉኝ። አሲረውብኝ ቢሆን ኖሮ እጣላቸው ነበር። ሰውየው ግን እኔው ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ፤ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ለወለተ ሐና ብነግራት ሳቀችብኝ። እሷማ ቀድማ ሄዳ ልጄ ታማብኝ ነው ብላ ቦታዋን አግኝታለች። ቃል ምን አለው፣ ከአፍ አያልፍም፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ አለችኝ። እኔ ብቻዬን አልችላቸውም፣ ካልመጣሽ ልጆቹ መናኸሪያ ገቡ በይ አለችኝ። ሸረፋን ደውዬ ብጠይቀው የመሰለሽን አድርጊ አለ፤ ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው እንደሆነ ታውቃለህ።

ቅዳሜ ዑመይርን ይዤው ሄድኩ። የምተውበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው እንጂ ላሳያቸው ብዬ አይደለም። ዕቃ ቤቱ ተስማማው፤ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተጋድሞ ገመዱን ይፈታ ጀመር። አቶ ዱባለ፣ ተነሽና ምክንያትሽን ለጉባኤው አስረጂ አሉኝ። ቀጥ ብዬ ተነሳሁና ልጄ ታሞብኝ ነው አልኩ። አገራችንን ታውቃለህ፤ ታመመ ሲባል ዝም የሚል ሰው የለም። የተቀመጡት በሙሉ ግማሹ እግዜር ይማረው፣ ግማሹ አላህ ያሽረው አሉ። ከልባቸው ነው። ዑመይር ገመዱን ትቶ ቀና አለ።

ስሜ ተመለሰ። ስለ አዳራሹ ብዙ አልተከራከርኩም፤ ከመግባታችን በፊት የሚቀጥለውን ስብሰባ እዚያው እናድርግ ብቻ አልኩ። ቤቱን ማየት አይከፋም ብለው ተስማሙ። እኔ ዑመይርን ይዤ እዚያ አልሄድም፤ ቀረሁ፤ ምክንያቴ እንደሆነ ተመዝግቦልኛል። ወለተ ሐና አክስቷ ከአረቅጥ መጥታላት ስለነበር ልጇን ትታ ሄደች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። አቶ ዱባለ ጉባኤው ተከፍቷል ሲሉ አንድ ረዳት መስኮቱ ሥር ወልቂጤ፣ ወልቂጤ፣ የሞላ! ይላል። እሳቸው ደግመው ሲጀምሩ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይለቀዋል። አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማይወዱ ሰው እየደጋገሙ ቢጮኹ የሰማቸው የለም፤ ሐጂው ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው ሊወጡ ተነሱ አሉ። በመጨረሻ አቶ ዱባለ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ ውሳኔው እዚያው በር ላይ፣ እንደቆሙ ተሻረ። ትምህርት ቤቱ ካለበት አይነቃነቅም።

ደንቡም ተሻሽሏል። ልጅ የሚጠብቅ ወላጅ የሚል አራተኛ ምክንያት ገብቷል። አቶ ዱባለ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት፤ ሊያበስሩኝ ቤቴ ድረስ መጡ። በሆዴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ፣ በአፌ ግን አመሰገንኳቸው።

እንግዲህ ደስ ይበልሽ ትለኝ ይሆናል። ዑመይር የሰማውን ነገር በሰማበት ድምፅ መልሶ እንደሚል ታውቃለህ፤ አስተማሪው ይህ የመናገሪያ መንገዱ ነው ይለኛል። ብዙ ጊዜ ውኃ፣ እንሂድ፣ በቃ ነው የሚለው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ልጄ ታሞብኝ ነው ይላል። እንደ እኔ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በእኔው ድምፅ። ከዚያ ዞር ይልና በአቶ ዱባለ ወፍራም ድምፅ እግዜር ይማረው ይላል። ጠዋት ጫማውን ሳስርለት ይላል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ያ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ሰምታው እውነት መስሏት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀው መጣች፤ ተቀብዬ አመሰገንኳት፣ ምን አደርጋለሁ? ከአፍ አያልፍም የተባለው ቃል የልጄ አፍ ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤቱን አቆይቼለታለሁ፣ አልጸጸትም፣ ነገም ቢመጣ ያንኑ እላለሁ። ግን ስሰማው ልቤን ያመኛል፣ ወንድም ጋሼ። ከዚህ ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዑመይር ደህና ነው፣ ዑመይር ደህና ነው እያልኩ ጠዋትም ማታም እነግረዋለሁ፤ ከእኔ አልወስድ አለ። ያንተን ድምፅ ግን ይወዳል፤ ባለፈው ከደወልክ በኋላ ይሰማል? ይሰማል? ሲል ነው የሰነበተው። እናም ድምፅህን በስልክ ቅዳና ላክልኝ። ረጅም አይሁን። ዑመይር ደህና ነው በል፣ ደግመህም በለው። ሳቅ አትጨምርበት፣ ሳቁንም ይይዘዋል። እንዳታዝንም አደራ፤ እሱንም ይይዘዋል።

ለሀሊሜ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ምግብ አብዝታ እንዳትቀንስ ንገርልኝ፣ በፎቶው ከስታብኛለች። ሙዝደሊፋን አክስትህ በርትተህ ተማር ብላሃለች በለው። ሲናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እናታችን ዱዓ እያደረገችልህ ነው፤ አልደወለም ብላም ተቆጥታሃለች። ሸረፋ ሰላም በይልኝ ብሏል። ዑመይር ሰላም ብሎሃል ብዬ አልዋሽህም። አጠገቤ ተቀምጦ የእስክሪብቶዬን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እህትህ ባሂራ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.